አኩሪ አተር ጂኑን የሚዘጋውና የሚከፍተው እንዴት ነው?

ኮኪት ማሳ ላይ የበቀለ አንድ አኩሪ አተር ሥሩም፣ ቅጠሉም፣ አበባውም ያላቸው ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ሥሩ ለምን ቅጠል አያወጣም? ነገሩ ከማዳበሪያ ወጪ ጋር ስለሚገናኝ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ዲኤንኤን እንደ ስልካችሁ አስቡት። አፖቹ ሁሉ ተጭነዋል፣ ግን ሁሉም በአንዴ አይከፈቱም። ተክል የማይፈልገውን ጂን ከሚዘጋባቸው መንገዶች አንዱ ሜቲሌሽን ይባላል። አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያላት ትንሽ ምልክት ሳይቶሲን በሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ትለጠፋለች። ምልክቷ የጂኑ መነሻ ላይ ስትበዛ ጂኑ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ፊደሉ ግን አልተቀየረም፤ ምልክቷ ከተነሳች ጂኑ እንደገና ሊሠራ ይችላል።

ይሄ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል?

አኩሪ አተርም ሆነ ማሾ ሥሩ ላይ ኖዱል የሚባሉ ትንንሽ እብጠቶች ያወጣል። ውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ከአየር የተገኘ ዩሪያ በሉት! በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የአልፋልፋ ዘመድ በሆነ ተክል ላይ ምልክቷን የሚያነሳውን ዲሜተር የተባለ ጂን አዳክሞ ነበር። ውጤቱ? እብጠቶቹ በደንብ ሳያድጉ ቀሩ፣ ናይትሮጅን ማዘጋጀትም አቃታቸው። ማለትም ኖዱሉ እንዲሠራ ተክሉ የተዘጉ ጂኖቹን መክፈት አለበት።

ግን ትክክለኛው ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ ከሌለ ተክሉ ብቻውን ምንም አያመጣም። አኩሪ አተር ከውጭ የገባ ሰብል ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት ሰሊጥና ማሽላ ብቻ የተዘራበት መሬት ላይ ባክቴሪያው ላይኖር ይችላል። ከዘር ጋር የሚታሸው ሕያው ማዳበሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በመተማ ቆላ ሙቀት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ባክቴሪያው በፀሐይ ይሞታል። ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፣ ጥላ ውስጥ እሹት፣ በዚያው ቀን ዝሩት፣ ቶሎ አፈር አልብሱት።

መሥራቱን ለማወቅ ሲያብብ አንድ ተክል ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡ፣ እብጠቱን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይደለም።

ክረምት ላይ ማሳ ያላችሁ ሞክሩትና ፎቶውን ኮሜንት ላይ አሳዩን። ለገበሬ ቤተሰቦቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።