ገዳም የሚቀልቡ ቤቶች

በኢየሩሳሌም ከነቢያት መንገድ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው የኢትዮጵያ ጎዳና ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የድንጋይ አጥር ተይዟል፤ መኪና ሲመጣ እግረኛው ግድግዳውን ተጠግቶ ያሳልፋል። በርበሬ፣ ሽሮ ወይም እንጀራ የፈለገ ሰው ወደ ያፎ መንገድ ይሻገር እንጂ እዚህ ገበያ አያገኝም። ያም ሆኖ ጎዳናው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የገንዘብ ሥራ አለው፦ ቤቶች ይከራያሉ፣ ኪራዩ ለገዳም መተዳደሪያ ይሆናል።

ነገሩን የወለደው ችግር ነው። በአሮጌው ከተማ የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚኖሩት በዴር ሡልጣን፣ በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ በትንንሽ ጎጆዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ቸነፈር ማኅበሩን ፈጀው። በቦታው ይዞታ ከግብፃውያን መነኮሳት ጋር ያለው ጠብ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ርስት የሌለው ማኅበር ደግሞ የሰው እጅ ከማየት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ኢየሩሳሌም በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከግንቧ ውጭ መስፋት ስትጀምር ግን አዲስ ዕድል ተከፈተ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከግንቡ ውጭ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ሕንፃ አስጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1889 መተማ ላይ ሲወድቁ ሥራው አላለቀም ነበር፤ ያስፈጸሙት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ አገር ቤቱ ክብ ነው፤ ቅኔ ማሕሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ይከባል። የሣር ክዳኑ ግን በትልቅ ጉልላት ተተክቷል፣ ጭቃውና እንጨቱም በኢየሩሳሌም ጥርብ ድንጋይ።

በዙሪያው ነገሥታቱና መኳንንቱ ቤት ማሠራት ያዙ። የአሠራሩ ዘዴ የከተማዋ ነው፦ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የበጋውን ሙቀት ይመክታል፤ የቧንቧ ውኃ ባልነበረበት ዘመን የክረምቱ ዝናብ ከጣሪያ እየወረደ ከግቢው ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ይጠራቀም ነበር። የኢትዮጵያዊነቱ ምልክት በር ላይ ነው፤ በአንዳንዱ መግቢያ አናት የግእዝ ፊደል ተቀርጿል። በነቢያት መንገድ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ያሠሩት ሕንፃ ከሁሉ ጎልቶ ይታያል፤ ፊቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ በቀለማት ጠጠር ተሥሏል። ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው፣ የእስራኤል ሬዲዮ ለብዙ ዓመታት ያሰራጭበት የነበረው ሕንፃም ለእቴጌ ጣይቱ የተሠራ ነው።

የጎዳናው ነዋሪዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ዕብራይስጥን የዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ ዕድሜውን የጨረሰው ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳ መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ የኖረው እዚሁ፣ በቤት ቁጥር 11 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ዐርፏል። የመታሰቢያ ሰሌዳው ግን በተደጋጋሚ ተነቅሎ ተወስዷል። ቅዱሱ ቋንቋ ለገበያ ወሬ ዋለ ብለው ያዘኑ አክራሪ አይሁድ ከጎዳናው ብዙም አይርቁም። አጥር ለአጥር ተጎራብተው በአንድ ቃል የማይስማሙ ሰዎችን በአንድ ጠባብ መንገድ ማሳለፍ የዚህ ሰፈር ልማድ ነው።

ከሸዋ የሚላክ ብር ተበልቶ ያልቃል፤ ቤት ግን በየዓመቱ ያስገባል። የለጋሾቹ ስሌት ይህ ነበር ማለት ይቻላል፣ ትክክልም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትንና የከተማ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ቤተ ክርስቲያን በአገር ቤት ለዘመናት የኖረችበትን መሬትና የሚከራዩ ቤቶቿን አጣች። አዋጁ ኢየሩሳሌም ሊደርስ አልቻለም። አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ቢሠሩ ኖሮ ቀበሌ ይረከባቸው የነበሩ ቤቶች እዚያ ገዳማቸውን መቀለብ ቀጠሉ።

እሑድ በእስራኤል የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ኪዳነ ምሕረት ለመምጣት ቅዳሜ ይመቸዋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል።

ወደዚያ የሚሄድ አንባቢ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ ብቻ ባይመለስ ጥሩ ነው። ጎዳናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂድበት፤ የበሮቹን አናት ቀና ብሎ ያንብብ፤ ፊደሉ በዝናብና በፀሐይ እየደበዘዘ ነውና ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጥ።