ከአፎቱ የሚመዘዘው ፕላቲነም

የአፍ፣ የጉሮሮና የማንቁርት ካንሰር ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ ጉበት ከተዛመተ በኋላ የሚሰጠው ኬሞቴራፒ በአብዛኛው በሽታውን ነቅሎ አያጠፋም። ዕጢውን ያሳንሳል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ዕድሜም ይጨምራል። «ከካንሰሩ ቀድሞ የሚገድለው ኬሞው ነው» የሚለው ወሬ ግን ሐሰት ነው፤ ሊረዱ የሚችሉ ሰዎችን ከሐኪም ደጅ ያስቀራል። (ሳንባ ላይ የታየው ዕጢ ከጉሮሮ የመጣ ከሆነ የሳንባ ካንሰር አይባልም፤ መድኃኒቱ የሚመረጠው በመነሻው ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ደግሞ ጨርሶ ሌላ በሽታ፣ ቲቢ ነው።)

የሕክምናው ምሰሶ ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ነው። ባርኔት ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ባክቴሪያን ምን እንደሚያደርገው ሲመረምሩ፣ ባክቴሪያዎቹ መከፈል ትተው እንደ ክር ረዘሙ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። መከፈሉን ያገደው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ኤሌክትሪኩን ከሚያስተላልፉት የፕላቲነም ዘንጎች ሟሙቶ የወጣ ውህድ ነበር፤ ሲስፕላቲን እንደ መድኃኒት የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ሲስፕላቲን በደም ውስጥ በአፎቱ እንዳለ ሰይፍ ነው። አፎቱ ሁለት የክሎራይድ አተሞች ናቸው። ደም በክሎራይድ የበለጸገ ስለሆነ አተሞቹ ከፕላቲነሙ አይላቀቁም፤ በሴል ውስጥ ግን ክሎራይዱ ብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። እዚያ ክሎራይዱ ይወልቅና ውኃ ይተካዋል፤ ሰይፉ ተመዘዘ ማለት ነው። የተራቆተው ፕላቲነም ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጉዋኒኖችን አንድ ላይ ያስራል። ፈትሉ ይጎብጣል፤ የሚገለብጠው ኢንዛይም ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሴሉ ጉዳቱን መጠገን ካልቻለ ራሱን ያጠፋል፤ ጥገና የሚያውቅበት ዕጢ ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ታካሚው ክንድ ላይ የሚሰካው፣ ሰው ሁሉ «ግሉኮስ» የሚለው ከረጢት እዚህ ላይ የጨው ውኃ ነው። ጨው ክሎራይድ ስላለው መድኃኒቱን በአፎቱ ያቆየዋል፤ ብዛት ያለው ፈሳሽ ደግሞ ኩላሊትን ይጠብቃል። ያም ሆኖ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ መስማት ነው። ሲስፕላቲንን ለማይችሉት በምትኩ ካርቦፕላቲን የተባለው ዘመዱ ይሰጣል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ፕላቲነምና ፍሎሮዩራሲል የተባለው ኬሞ ብቻ ከተሰጣቸው ታካሚዎች ግማሾቹ ከ7.4 ወር በላይ ኖረዋል፤ ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ሲታከል 10.1 ወር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ደግሞ በሴቱክሲማብ ፈንታ ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት ከኬሞው ጋር ሰጥቶ 13 ወር አገኘ፤ ሴቱክሲማብ በወሰዱት ዘንድ 10.7 ነበር። ቁጥሮቹ የቡድን ናቸው፤ አንድ ታካሚ ከዚያ በታችም በላይም ሊኖር ይችላል። ፒዲ-ኤል-አንድ የተባለው ፕሮቲን ዕጢው ላይ በብዛት ሲገኝ ፔምብሮሊዙማብ ያለ ኬሞም ሊሰጥ ይችላል፤ ዕጢው በፍጥነት ማነስ ሲኖርበት፣ ለምሳሌ አየር መተላለፊያውን ሲያጠብ፣ ብዙ ሐኪሞች ኬሞውን አይተዉም።