የአንዲስ ሽማግሌ በምሳ ዕቃ ውስጥ

ጥቁር ናት፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ከተነፈስኩ አጣታለሁ። ይህችው ፍሬ በሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና ደረቅ ተራሮች ላይ ወድቃ ዕድል ከቀናት፣ ከረጅም ዘመን በኋላ እስከ 10 ሜትር የሚደርስ እሾሃማ ዓምድ ትሆናለች። የአገሩ ሰው ካርዶን ይለዋል። የእጽዋት ሊቃውንት ግን በስሙ ገና አልተስማሙም፤ ትሪኮሴሪየስ፣ ኤኪኖፕሲስ፣ ሌውኮስቴሌ ሲሉት ኖረዋል።

ከስም ከተነሳን አይቀር፣ እኛ ዘንድ ወፍራምና እሾሃም የሆነውን ተክል ሁሉ ቁልቋል ማለት ተለምዷል። በደጋው አጥር ላይ ክንዶቹን እንደ መቅረዝ ወደ ሰማይ የዘረጋው የእኛ ቁልቋል ግን የካክተስ ቤተሰብ አይደለም፤ ወገኑ ኢዩፎርቢያ ነው። ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ እረኛ ሁሉ ያውቃል። የአንዲሱ ዓምድ ሲቆረጥ የሚወጣው ጥርት ያለ ዝልግልግ ውሃ ነው። እሾሁም የሚበቅለው ትንሽ የጥጥ ትራስ ከመሰለች ነጥብ ላይ ነው። ሁለቱ በዝምድና የተራራቁ ናቸው፤ በየአህጉሩ ያለው ድርቅ ነው አንድ ዓይነት መልክ ያወጣላቸው። የካክተስ አገሩ አሜሪካ ነው፤ በለሳችንም ከዚያው በሰው እጅ ተሻግሮ የመጣ ነው።

ካርዶን ባለበት ተራራ ዛፍ ብርቅ ነው። ተክሉ ሲሞት ሥጋው በስብሶ ያልቅና ውስጡ ያለው የእንጨት አጽም ይቀራል፤ ቀላል፣ ጠንካራ፣ በረድፍ በረድፍ የተበሳሳ እንጨት። በሳልታና በሁሁይ አውራጃዎች ያሉ የድሮ አብያተ ክርስቲያናት በሮቻቸውም ጣሪያቸውም በዚህ እንጨት የተሠራ ነው፤ ቀዳዳዎቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ። በቦሊቪያ ደግሞ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚበልጠው የኡዩኒ የጨው ሜዳ መካከል ኢንካሁዋሲ የምትባል አለታማ ደሴት አለች፤ ነጩ ጨው ላይ እንደ ዘብ ቆመው የሚታዩት እነዚሁ ካርዶኖች ናቸው። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1996 ሎስ ካርዶኔስ የተባለ ብሔራዊ ፓርክ ከልላላቸዋለች።

ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ፎቶውንም አይቼ፣ ካክተስ ማለት የፀሐይና የድርቅ ልጅ ነው ብዬ አመንኩ። የመጀመሪያ ዘሮቼን በአሸዋ ዘርቼ፣ በጠራራው መስኮት ላይ አስቀምጬ፣ ውሃ በስስት ሰጠኋቸው። በቀሉ። በሳምንቱ፣ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆኑና አለቁ። እስከ ዛሬ ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም ተራራው ራሱ መልሱን ይዞት ነበር። በአንዲስ ቁልቁለቶች ላይ ትናንሽ ካርዶኖችን የሚፈልግ ሰው ገላጣ ሜዳ ላይ ብዙ አያገኝም። የሚገኙት ከቁጥቋጦ ሥር ነው። ቁጥቋጦው ፀሐዩን ያበርድላቸዋል፣ ሌሊት ውርጭ ይከለክልላቸዋል፣ አፈሩን ያረጥብላቸዋል። ተመራማሪዎች ሞግዚት ተክል ይሉታል። ሕፃኑ ካክተስ የበረሃ ጀግና የሚሆነው በኋላ ነው፤ በልጅነቱ የጥላና የእርጥበት ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ዘር የሚያበቅል ሰው ሥራው ያንን ቁጥቋጦ መተካት ነው።

የእኔ ቁጥቋጦ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው። አፈሩ ሁለት እጅ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፤ ሁለቱም በወንፊት የተነፉ። ድብልቁን ድስት ላይ በእንፋሎት አንድ ሰዓት ያህል አበስለዋለሁ። ይህን የሚዘል ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይጸጸታል፤ ለቡቃያው የሚመቸው ሙቀትና እርጥበት ለሻጋታም ይመቻልና። አፈሩ ሲቀዘቅዝ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ አርሼ፣ ዘሩን ላዩ ላይ በትናለሁ። አይቀበርም፤ የእነዚህ ካክተሶች ዘር ለመብቀል ብርሃን ማየት ይፈልጋል። ከዚያ ክዳኑ ይገጠማል፤ ዕቃው ብሩህ ሆኖ ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው፣ ሙቀቱም ከ20 እስከ 28 ዲግሪ የሚሆን ቦታ ይቀመጣል። ውሃው ተንኖ ክዳኑ ላይ ጠብታ እየሆነ ተመልሶ ስለሚወርድ ለሳምንታት መክፈት አያስፈልግም።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ማጉያ መነጽር ይዤ እጎበኛቸዋለሁ። ጥቁሩ ቅርፊት ተሰንጥቆ አረንጓዴ ነገር ብቅ ይላል፤ ቅጠል ከማለት ጠብታ ማለት ይቀላል። በታችኛው ጫፉ ላይ ነጭ ሱፍ የመሰለ ነገር ይከበዋል። ብዙ ጀማሪ ሻጋታ መስሎት በዚህች ሰዓት ጤነኛ ቡቃያ ነቅሎ ይጥላል፤ ሱፉ ግን አፈር የሚጨብጠው የሥሩ ጠጉር ነው። አንዳንዱ ቅርፊቱን እንደ ቆብ ደፍቶ ይቀራል። አይጎተትም፤ እርጥበቱ አለስልሶ ራሱ ይጥልለታል። ከሦስት ከአራት ሳምንት በኋላ ጠብታው አናቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች ይኖሩታል፤ ከመካከላቸው እንደ ጥጥ የለሰለሱ የመጀመሪያዎቹ እሾሆች ይወጣሉ። አሥር ጊዜ አይቼው አልጠገብኩትም። ያ ሁሉ ኋላ ቆዳ የሚበሳ እሾህ ሲጀምር ጸጉር ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። ቡቃያው ቀላ ካለ ብርሃን በዝቶበታል፤ ወደ ጥላ ይጠጋል። ቀጥኖ ወደ አንድ ወገን ከተሳበ ብርሃን አንሶታል። እንደ መስታወት አሳላፊ ሆኖ ከወደቀ ፈንገስ ገብቷልና፣ ከነአፈሩ በማንኪያ ይወጣል፤ ለጎረቤቱ ማዘን ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ጡት ማስጣል ይጀመራል። ክዳኑን በአንድ ጊዜ ማንሳት አደጋ ነው። በየሳምንቱ አንድ አንድ ቀዳዳ በጋለ ምስማር እበሳለሁ፤ ቀዳዳው ሲበዛ አየሩ ይደርቃል፣ ቆዳቸውም ይጠነክራል። በዓመቱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክሉ ጥሩ ነው። ያን ጊዜ በስቴኪኒ ሥራቸውን ፈልቅቄ ለየብቻቸው አስቀምጣቸዋለሁ፤ የተጎዳ ሥር እስኪድን ጥቂት ቀን ውሃ አላጠጣም።

ለጀማሪ ካርዶንን አልመክርም፤ ዕድገቱ እጅግ ዝግ ያለ ነው። በቦሊቪያ ታሪሃ አካባቢ የሚገኘው ክሌይስቶካክተስ ስትራውሲ በብር ቀለም እሾህ ተሸፍኖ ቶሎ ቶሎ ያድጋል። የእኔ ልብ ያረፈው ግን ኦሪኦሴሪየስ ላይ ነው፤ የአንዲስ ሽማግሌ የሚባለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚኖር ገላውን በረጅም ነጭ ጸጉር ይሸፍናል፤ ጸጉሩ የከፍታውን ፀሐይና የሌሊቱን ብርድ ይከላከልለታል። ጋቢ የለበሰ አባት ይመስለኛል።

የአዲስ አበባ ሰው በከፍታው የታደለ ነው። ካርዶን የሚበዛባት ቲልካራ ከተማ ከእኛ ብዙም በማይለይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርቱ ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት ሁለታችንም ዘንድ አለ። ልዩነቱ ዝናቡ ነው። ቲልካራ ያለችበት ሸለቆ በዓመት የሚያገኘው ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ስለዚህ ትልልቆቹ ከሰኔ እስከ መስከረም ከቆርቆሮ ጥላ ሥር መግባት አለባቸው፤ አለበለዚያ ከሥራቸው ይበሰብሳሉ። በበጋ ግን ደጅ ይዋሉ፤ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ እስከ ሥሩ ይጠጡ። ጎድጓዳ ሽንትሮቻቸው እንደ አኮርዲዮን ሲከፈቱ በዓይን ይታያል።

ተክሉን ያደገ ገዝቶ ከማምጣት ዘሩን መዝራት ለምን እንደሚሻል ለሚጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ ከካክተስ ዝርያዎች 31 በመቶው ለመጥፋት አደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ለጌጥ ብሎ ከተፈጥሮ መኖሪያቸው መንቀል ከምክንያቶቹ አንዱ ነው። ከተራራ የተነቀለ ሽማግሌ የዕድሜ ልክ ሥራው በአንድ ቀን ይፈርሳል። ከአትክልት ስፍራ የተለቀመ ዘር ግን ማንንም አያጎድልም፤ ድንበር ሲሻገር የእጽዋት ጤና የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይምጣ እንጂ።

የመጀመሪያው ኦሪኦሴሪየሴ ዘንድሮ አንድ ስንዝር ሞልቷል። አናቱ ላይ ያለው ጸጉር ገና ስስ ነው፤ በማለዳ ፀሐይ አረንጓዴው ገላው በስሱ ይታያል።