ላም አለኝ በሰማይ፦ የጨዋታ “ተጨማሪ ክፍል” እና የከሚሴ ጌም ቤት ሂሳብ

የእህል ነጋዴ ምርቱ ከአውድማ ሳይነሣ ዋጋ ይገምታል። የከብት ነጋዴም የባቲን ሰኞ አስቦ በሬውን ያደልባል። በቪዲዮ ጨዋታ ንግድ የተሰማራ ሰውም እንዲሁ ገና ያልመጣ ዕቃ እየጠበቀ ገንዘቡን የሚያውልበት ጊዜ አለ። ልዩነቱ የባቲ ሰኞ በየሳምንቱ መምጣቱ የማይቀር ሲሆን፣ የጨዋታው የገበያ ቀን የሚቆረጠው በቶኪዮ ወይም በዋርሶ መሆኑ ነው። ቀኑን አምራቹ ይቆርጣል፤ ቀኑ ሲዛባ ወይም ምንዛሪው ሲንር የሚከፍለው ግን ቸርቻሪው ነው።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ ወጣቱ በሰዓት ወይም በዙር እየከፈለ የሚጫወትበት ፕሌይስቴሽን ቤት በአነስተኛ ካፒታል ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው። ጥቂት መሣሪያ፣ ጥቂት ቴሌቪዥን፣ ወንበርና የመብራት ቆጣሪ ይበቃሉ። በዚህ ሥራ ገንዘቡን ማዋል የሚያስብ ሰው ግን “ተጨማሪ ክፍል” የሚባለው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ለምንስ ብዙ ወሬ እንደሚወራለት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ዕቃው ምንድን ነው?

የእግር ኳስ ጨዋታ በአሥርና በአሥራ ሁለት ደቂቃ ያልቃል። “ክፍት ዓለም” የሚባለው የተረት ዓለም ጨዋታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተጫዋቹ የአንድን ጀግና ሚና ይዞ በሰፊ አገር እንደልቡ ይዘዋወራል፤ ጭራቅ ይገድላል፤ መሣሪያ ይሰበስባል፤ ኃይሉም እያደገ ይሄዳል። ይህ በአሥሮች የሚቆጠር ሰዓት ይፈጃል። ጨዋታው ተሽጦ ገበያው ሲቀዘቅዝ አምራቹ አዲስ አገር፣ አዲስ ጠላትና አዲስ ታሪክ ጨምሮ ለብቻው ይሸጣል። ተጨማሪ ክፍል ማለት ይህ ነው። ወጣቶቹ “ዲኤልሲ” ይሉታል።

ነገሩ በነባር ቤት ላይ ክፍል እንደ መቀጠል ነው። ቤቱ የሌለው ሰው ክፍሉን ቢገዛ አይገባበትም። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር የሠራው፣ ከጃፓን ውጪ ባንዳይ ናምኮ ያከፋፈለው ኤልደን ሪንግ ነው። ጨዋታው በየካቲት 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ወጣ። ተጨማሪ ክፍሉ ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪ በየካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ስሙ ተነገረ፤ የሚወጣበት ቀን የታወቀው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሲሆን ለገበያ የቀረበው በሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከወሬው እስከ ዕቃው አሥራ ስድስት ወር ወስዷል። ዋጋው 39.99 ዶላር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ በዓለም ዙሪያ 5 ሚሊዮን ቅጂ መሸጡን አምራቹ አስታውቋል።

ቁጥሩ የሚያጓጓ ነው። ይሁን እንጂ ወደ አዲሱ ክፍል ለመግባት ተጫዋቹ በነባሩ ጨዋታ ውስጥ ራዳንና ሞግ የሚባሉትን ሁለት ኃያላን አስቀድሞ መጣል አለበት። ክፍሉን ከፍሎ ገዝቶ እነዚህን ያልጣለ ሰው ከበሩ ይመለሳል። ይህ ለተጫዋቹ የጨዋታ ሕግ ሲሆን ለጌም ቤት ባለቤት ግን የሂሳብ ጉዳይ ነው።

መጠበቅ ለማን ይከፍላል?

አምራቹ ከመጠበቁ ያተርፋል። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ዘ ዊቸር 3ን በግንቦት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከማውጣቱ በፊት ገና ያልወጡትን ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች በአንድ ላይ በ24.99 ዶላር ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። የመጀመሪያው፣ ኸርትስ ኦፍ ስቶን፣ በጥቅምት 2 ቀን 2008 ዓ.ም. በ9.99 ዶላር ወጣ። ሁለተኛው፣ ብለድ ኤንድ ዋይን፣ በግንቦት 23 ቀን 2008 ዓ.ም. በ19.99 ዶላር ተከተለ። አስቀድሞ የከፈለ ገዢ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቆ ያተረፈው 5 ዶላር ነው። አምራቹ በበኩሉ ዕቃውን ሳይጨርስ ገንዘቡን በእጁ አስገባ።

የዊቸር ክፍሎች ወጥተው ተወደዱ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም። የዚሁ ኩባንያ ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ሌላ ጨዋታ የመውጫ ቀኑ ሦስት ጊዜ ተራዝሞ በታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲወጣ እጅግ ብዙ ጉድለት ስለተገኘበት ሶኒ በዚያው ወር ከመደብሩ አንሥቶት ነበር፤ የኩባንያውም የአክሲዮን ዋጋ በእጅጉ ወረደ። ቀኑ ቢጠበቅም እንኳ ለሁሉም አንድ ቀን ላይሆን ይችላል። የአሜሪካው ቤተዝዳ ለስካይሪም ያወጣው ዶውንጋርድ የተባለ ተጨማሪ ክፍል በኤክስቦክስ 360 በሰኔ 2004 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ፕሌይስቴሽን 3 ያላቸው እስከ የካቲት 2005 ዓ.ም. ድረስ ስምንት ወር ጠብቀዋል። መሣሪያው ሌላ የሆነበት ነጋዴ በጎረቤቱ ቀን መነገድ አይችልም።

ዶላሩና ኢንተርኔቱ

ወደ አገራችን ሲመጣ ሌላ ሂሳብ ይጨመራል። ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪ በወጣ በስድስተኛው ሳምንት፣ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። በዚያው ዕለት ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ ከ120 ብር አለፈ። በባንክ ተመን ብቻ ቢሰላ ያው የ39.99 ዶላር ዕቃ መጀመሪያ ወደ 2,280 ብር፣ በለውጡ ቀን ወደ 3,000 ብር፣ በ120 ብር ደግሞ ወደ 4,800 ብር ሆነ ማለት ነው። አምራቹ ዋጋውን አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በከሚሴ ሂሳብ ከእጥፍ በላይ ተወደደ።

እዚህ ላይ “ታዲያ አስቀድሞ የገዛ ሰው አተረፈ” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አተረፈ። ነገር ግን ያተረፈው በምንዛሪው ነው እንጂ በጨዋታው አይደለም። ምንዛሪ ለመጠበቅ የፈለገ ነጋዴ ደግሞ መውጫ ቀኑን ሌላ ሰው በሚቆርጠውና ተመልሶ በማይሸጥ ዕቃ ገንዘቡን ማሰር አይጠበቅበትም።

ሌላው መንገዱ ነው። ተጨማሪ ክፍል በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚወርድ ዕቃ ሲሆን፣ ኤርድትሪ ብቻውን ከ15 ጊጋባይት በላይ ይመዝናል። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። ይህ የሆነው የኤርድትሪ ስም ተነግሮ ዓለም ቀኑን በሚጠብቅበት በዚያው ጊዜ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደርሶ ነበር። በዚህ ዓይነት አካባቢ የሚነግድ ሰው የሚወርድ ዕቃን “አለኝ” ማለት ያለበት በመሣሪያው ውስጥ ገብቶ ሲከፈት ካየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራለታል።

ሦስተኛው የአገር ጉዳይ ነው። ሶኒ የጨዋታ መደብሩን በይፋ ከፈተላቸው በሚላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። በመሆኑም ብዙዎች በሌላ አገር ስም የተከፈተ ሂሳብ ይጠቀማሉ። ዲስኩ ከዱባይ መጥቶ ሂሳቡ የአሜሪካ ከሆነ በፕሌይስቴሽን ላይ ነባሩ ጨዋታና ተጨማሪው ክፍል አይገናኙም፤ ሁለቱ የአንድ ቀጠና መሆን አለባቸው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የማይከፈት ክፍል መግዛት እንዲህ ነው። ያገለገለ ዲስክ የሚያሻሽጥ ደላላም ይህን ልብ ይበል፦ በኢንተርኔት የተገዛ ተጨማሪ ክፍል ከሂሳቡ ጋር የታሰረ ስለሆነ ዲስኩ ሲሸጥ አብሮ አይሄድም። “ከነዲኤልሲው” ተብሎ የቀረበ ዲስክ ሲገጥም መሣሪያ ላይ ከፍቶ ማየት ይገባል።

ሰዓቱ ሲመነዘር

ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር እናስቀምጥ። በአንድ ቤት የእግር ኳስ አንድ ዙር 20 ብር ቢሆንና በሰዓት አምስት ዙር ቢያልቅ አንድ ቴሌቪዥን በሰዓት 100 ብር ያስገባል። የክፍት ዓለም ጨዋታ በሰዓት 60 ብር ቢከፈልበት፣ ያንኑ ቴሌቪዥን አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ይቀመጣል። ወጣቱ በሚጎርፍበት የማታ ሰዓት እግር ኳሱን አንሥቶ ረጅሙን ጨዋታ ማስገባት በየሰዓቱ 40 ብር መጣል ነው።

ረጅሙ ጨዋታ የሚያተርፈው ቴሌቪዥኑ ሥራ ፈትቶ በሚውልበት ሰዓት ነው። ጠዋት በቀን ሁለት ሰዓት ባዶ የሚሆን ወንበር ቢኖር፣ በ2,280 ብር የተገዛ ክፍል 38 ሰዓት፣ ማለትም 19 ቀን ሠርቶ ዋጋውን ይመልሳል። በ4,800 ብር የተገዛው 80 ሰዓት ወይም 40 ቀን ይጠይቃል፤ ይኸውም መብራትና ኪራይ ሳይታሰብ፣ በየቀኑም ደንበኛ ከተገኘ ነው። ከመውጫው ቀን በፊት የተከፈለበት ደግሞ በጠበቀው ቀን ሁሉ ምንም አያስገባም። ስለዚህ ጥያቄው “መቼ ይወጣል?” ሳይሆን “ባዶ ሰዓት ስንት አለኝ?” መሆን አለበት።

ለጌም ቤት የሚከፍለው የመጠበቂያው ጊዜ ራሱ ነው። ወሬው ሲናፈስ ነባሩን ጨዋታ ለመጨረስ የሚፈልግ ወጣት ይበዛል፤ በሩ እስኪከፈትለት በአሥሮች የሚቆጠር ሰዓት መጫወት አለበትና። ነባሩ ጨዋታ ደግሞ ካረጀ በኋላ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይገኛል። ከአሥራ ስድስቱ የወሬ ወራት ጥቂቱን ባዶ ሰዓት በዚህ መንገድ የሸጠ ሰው፣ ተጨማሪው ክፍል ቢዘገይም ሆነ ጨርሶ ባይወጣ ገቢው በእጁ ነው።

የማይታየው ካፒታል

በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ንብረት አለ፤ እርሱም “ሴቭ” የሚባለው፣ ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚመዘግበው ፋይል ነው። ራዳንና ሞግ የተጣሉበት ሴቭ ያለው ቤት ተጨማሪው ክፍል በገባ ቀን በሩን ለደንበኛ መክፈት ይችላል። ሴቩ የሌለው ግን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ደንበኛው እስኪደርስ ይጠብቃል። በአንጻሩ ሠላሳ ሰዓት የከፈለበት ሴቭ የጠፋበት ደንበኛ ሁለተኛ ወደዚያ ቤት አይመለስም። በፕሌይስቴሽን 4 ሴቩን በፍላሽ ገልብጦ ማስቀመጥ ይቻላል። በፕሌይስቴሽን 5 ግን የዚያው መሣሪያ ጨዋታዎች ሴቭ ወደ ፍላሽ አይገለበጥም፤ ከመሣሪያው ውጪ የሚቀመጠው ወርኃዊ ክፍያ ባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ከተማ አዲሱን መሣሪያ በውድ ከመግዛት በፊት ይህ ልዩነት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በዚህ ሁሉ ተመዝኖ ሲታይ የሚመከረው ቅደም ተከተል አጭር ነው። በመጀመሪያ ባዶ ሰዓቱን መቁጠር፤ ቀጥሎ ነባሩን ጨዋታ በቅናሽ መግዛትና የደንበኞችን ሴቭ መጠበቅ፤ ከዚያ ተጨማሪው ክፍል ወጥቶ ጉድለቱ ከታየና በሩ ላይ የደረሱ ደንበኞች መኖራቸው ከተረጋገጠ በኋላ በዕለቱ የምንዛሪ ዋጋ ማስላት ነው። ደንበኛው አምስት ከሆነ ይገዛል፤ አንድ ከሆነ ይቆያል። የተለቀቀ ጨዋታ እንደ ቲማቲም አይበሰብስም። አንድ ወር ዘግይቶ የገባ ነጋዴ የሚያጣው የመጀመሪያውን ጭብጨባ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ዓመት ቀድሞ የከፈለው ግን የአምራቹን ሥጋት በራሱ ኪስ ተሸክሞ ይቆያል።