የትምህርት ቤት አዳራሽ ሲታቀድ የእናት ጆሮና ዓይን ያስፈልጋል

ጊዜው ሰኔ፣ የትምህርት ዓመቱ መዝጊያ ነው እንበል። ልጅዎ ለበዓሉ የምታቀርበውን ግጥም ሦስት ሳምንት ሙሉ በጓዳ በሳሎን ስታጠና ሰንብታለች። እርስዎም ከሥራ አስፈቅደው፣ ነጠላዎን ደርበው ሄደዋል። ተራዋ ደርሶ መድረክ ላይ ስትወጣ ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያሉ፤ አንዲት ቃል ግን አይሰሙም። ማታ «እማዬ፣ ሰማሽኝ?» ብላ ስትጠይቅዎ ምን ይመልሱላታል?

ይህ የብዙ እናቶች ገጠመኝ ነው። በመሆኑም ትምህርት ቤቱ የቴአትርና የሙዚቃ አዳራሽ ለመጨመር አስቦ ወላጆችን ለስብሰባ ሲጠራ፣ «ይህ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው» ብለው ከቤት አይቅሩ። ፕላኑ በወረቀት ላይ ሳለ በላጲስ የሚጠፋው ስሕተት፣ ግንቡ ከቆመ በኋላ በብዙ ገንዘብም አይታረምም።

መድረክ ለልጆች ቅንጦት አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት የታየለት ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ነበር። በሰው ፊት ቆሞ መናገርን የለመደ ልጅ በኋላ በሥራ ቦታም አንገቱን አይደፋም።

ድምፅ እንዴት ይያዛል?

እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባሠራው አዲስ አዳራሽ ውስጥ መምህሩ ሲናገር ተማሪው መስማት አቃተው። አንድ ድምፅ ከወጣ በኋላ 5 ሰኮንድ ተኩል ያህል እያስተጋባ ስለሚቆይ ቃል በቃል ላይ ይደራረብ ነበር። ዋላስ ሴቢን የተባለ የፊዚክስ መምህር ነገሩን እንዲያጠና ታዘዘ። ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል ከጎረቤት ቴአትር ቤት የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጣ፣ ድምፁ በስንት ጊዜ እንደሚጠፋ በሰዓት ይለካ ጀመር። የደረሰበትም ውጤት ይህ ነው፦ አዳራሹ በሰፋ ቁጥር ድምፁ ይቆያል፤ ለስላሳ ነገር በበዛ ቁጥር ቶሎ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን የሙዚቃ አዳራሽ በዚሁ እውቀት የተሠራ ነው።

ለንግግርና ለቴአትር 1 ሰኮንድ ያህል ማስተጋባት ይበቃል፤ ሙዚቃ ግን ከ1 ተኩል እስከ 2 ሰኮንድ ይፈልጋል። አንድ አዳራሽ ለሁለቱም እንዲያገለግል በግድግዳው ላይ የሚዘጋና የሚከፈት ወፍራም መጋረጃ ማድረግ አንዱ ዘዴ ነው። ሲሚንቶ፣ መስታወትና ልሙጥ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ድምፁ እንደ ኳስ ይነጥራል። ለሰኔ ዝናብ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ድምፅ የሚያፍን ነገር የተነጠፈበት ከበድ ያለ ኮርኒስ ያስፈልጋል።

ከኋላ የተቀመጠ ሰውስ?

የመጨረሻው ወንበር ከመድረኩ ከ20 ሜትር ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የልጅ ፊት ሲስቅና ሲያለቅስ አይለይም። ወለሉም ወደ ኋላ ከፍ እያለ ቢሄድ የኋለኛው ሰው ከፊተኛው ራስ በላይ አሻግሮ ያያል። መድረኩ ከ1 ሜትር እምብዛም አይብለጥ፤ አለዚያ ከፊት ያሉት የልጆቹን እግር ማየት ይሳናቸዋል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅም ተዋናይ ሊሆን ስለሚችል፣ መወጣጫው ወደ አዳራሹ ብቻ ሳይሆን እስከ መድረኩ ይድረስ።

ከመድረኩ ጀርባ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ የልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ መጸዳጃ ቤት፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ እንዲሁም ሳይታዩ ከግራ ወደ ቀኝ የሚተላለፉበት መንገድ መኖሩን ይጠይቁ። አዳራሹ የነባር ክፍሎችን ብርሃን እንዳይጋርድ፣ የልምምዱም ከበሮ ሌላው ክፍል በፈተና ላይ ሳለ እንዳይረብሽ ቦታው ይታሰብበት።

ከሁሉ በላይ በሩ

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1903 በቺካጎ የኢሮኮይ ቴአትር ቤት እሳት ተነሥቶ 600 ያህል ሰዎች አልቀዋል። ብዙዎቹ ለበዓል ዕረፍት ቴአትር ሊያዩ የመጡ እናቶችና ልጆች ነበሩ። ከበሮቹ አንዳንዶቹ ተቆልፈው፣ ሌሎቹ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ሆነው ተገኙ፤ ሕዝቡ ሲገፋ የሚከፈት በር ጠፋ። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ እርስ በርስ የተራራቁና ወደ ውጭ የሚከፈቱ በሮች ይኑሩ። ሰው ውስጥ ሳለም ለሥርዓት ተብሎ አይቆለፉ። ገንዘብ ካጠረ ከጌጡ ይቀነስ እንጂ ከበሩ አይቀነስ።

ውድ እናቶች፣ ሥራው ሲያልቅ ሪባን ከመቆረጡ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። ድምፀ ቀጭኗን ልጅ ያለ ድምፅ ማጉያ መድረክ ላይ አቁመው እርስዎ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጡ። እያንዳንዱ ቃል ከደረሰዎ ለማታው ጥያቄ መልስ አገኙ ማለት ነው።