ስለ «ጎማላካ» እና «ቫርኒሽ»

አሮጌ ወንበር በሚታደስባቸው የአቃቂ ቃሊቲ የእንጨት ሥራ ቤቶች የሚሰሙት «ጎማላካ» እና «ቫርኒሽ» በትርጉም ሥራ አንድ ተደርገው ሲጻፉ እናያለን። ስሕተቱ ዕቃ ያበላሻል። ጎማላካ ከነፍሳት የሚገኝ፣ በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ ነው፤ አልኮሉ ሲተን ይደርቃል፤ ዳግም ሲነካው ይለቃል። የዘይት ቫርኒሽ ግን ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠነክር በአልኮል በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ «አሮጌውን ቅብ በአልኮል ማስለቀቅ» የሚለው መመሪያ የሚያገለግለው ለጎማላካ ነው።

ቃሉ ጣልያንኛ ሲሆን፣ «ጎማ» በዚያ ሙጫ ማለት ነው፤ የእኛ አንባቢ ግን የመኪና ጎማ ይታየዋል። «የላክ ሙጫ» ብንለው ነገሩ ይገለጻል። ሆኖም ባለሙያው የለመደውን ቃል ልንነጥቀው አይገባም፤ በመዝገበ ቃላት «ጎማላካ» ዋና ቃል ሆኖ «የላክ ሙጫ» በፍቺው ይግባ እንላለን። ለሁለቱም የወል ስም ካስፈለገ «የእንጨት ቅብ» ይበቃል።