በለንደን ከተማ የውሻና የድመት ማሳደሪያ ዋጋ ከምን ከምን ተሰልቶ ይወጣል?

በታላላቅ ከተሞች የሚኖር ሰው ለሥራም ሆነ ለዕረፍት ከቤቱ ርቆ በሚሄድበት ጊዜ፣ ውሻውን ወይም ድመቱን የሚጠብቅለት ሰው መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በአገራችን ባለቤቱ ሲሄድ ዘበኛው፣ ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ ስለሚጠብቅለት ጉዳዩ የዋጋ ጥያቄ ሆኖ እምብዛም አይታይም። እንደ ለንደን ባለ ከተማ ግን ይህ ተግባር ራሱን የቻለ፣ ፈቃድ የሚወጣበትና ግብር የሚከፈልበት ንግድ ሆኗል። ስለ ዋጋው የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የእንስሳውን ቀለብ ነው። ሆኖም ቀለቡን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ይዞ ይመጣል። ዋጋውን የሚያከብደው ጉልበቱ፣ ቦታው፣ ኃላፊነቱና ባዶውን የሚያድረው ክፍል ነው። ይህን ለይቶ ያላወቀ ሰው ደንበኛ ቢሆን ያለ አግባብ ይማረራል፤ ነጋዴ ቢሆን ይከስራል፤ በመካከሉም የሚጎዳው አፍ የሌለው እንስሳ ነው።

አገልግሎቱ በሦስት ዓይነት ይሰጣል። አንደኛው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ማሳደሪያ ቤት ብዙ እንስሳትን በየክፍላቸው ማሳደር ነው። ሁለተኛው ጠባቂው በገዛ መኖሪያ ቤቱ ጥቂት ውሾችን ተቀብሎ የሚያሳድርበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጠባቂው ወደ እንስሳው ባለቤት ቤት በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየተመላለሰ፣ አለዚያም እዚያው እያደረ የሚጠብቅበት ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ ቢመስሉም ወጪያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ለልዩነቱ ዋና ምክንያት የሆነው ሕጉ ነው። በብሪታንያ የእንስሳት ማሳደሪያ ቤቶችን የሚመለከት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1963 ወጥቶ ነበር። በእንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ በአዲስ ደንብ ተተክቷል። በዚህም ደንብ መሠረት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓይነቶች የሚሠራ ነጋዴ ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቤቱን ከመረመረ በኋላ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጠዋል፤ የፈቃዱም ዘመን እንደ ደረጃው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይሆናል። ወደ ባለቤቱ ቤት እየሄደ የሚጠብቅ ሰው ግን በዚህ ደንብ ፈቃድ እንዲያወጣ አይገደድም።

ደንቡ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ነገር ወደ ገንዘብ ይመነዘራል። በማሳደሪያ ቤት የውሻው መኝታ ውሻው ተዘርግቶ ሲተኛ ከሚይዘው ቦታ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። የታመመውን ለይቶ ማቆያ ቦታ ማዘጋጀት፣ ክትባት የተከተበ መሆኑንም በማስረጃ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመኖሪያ ቤት በሚደረገው ማሳደር ደግሞ እያንዳንዱ ውሻ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚቆይበት የራሱ ክፍል እንዲኖረው ታዟል። የቤት ኪራይ እጅግ በከበደበት ከተማ ይህ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ሁሉ ይረዳዋል። ሁለት ትርፍ ክፍሎች ያሉት ሰው ከተለያየ ቤት የመጡ አምስት ውሾችን ልቀበል ቢል አይችልም። ገቢው በክፍሎቹ ቁጥር ተወስኖ ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጉልበት ዋጋ ነው። በብሪታንያ ዕድሜው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 12.21 ፓውንድ ሆኖ ተወስኖ ነበር። በዚህ መጠን ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው 97.68 ፓውንድ ያገኛል። ለማስረጃ ያህል አንድ ሠራተኛ በማሳደሪያ ቤት 25 ውሾችን ይጠብቃል ብንል፣ ለአንድ ውሻ የሚደርሰው የቀን ጉልበት 3.91 ፓውንድ ብቻ ነው። ውሾቹ 10 ሲሆኑ 9.77፣ 5 ብቻ ሲሆኑ ግን 19.54 ፓውንድ ይደርሳል። ሠራተኛው ያው፣ ደመወዙም ያው ነው፤ የተለወጠው የሚካፈሉት እንስሳት ቁጥር ብቻ ነው። በዚህም ላይ አሠሪው ለማኅበራዊ ዋስትና የሚከፍለው መዋጮ፣ የሠራተኛው የዓመት ዕረፍት ክፍያና የኢንሹራንሱ ዋጋ ይጨመራል። ውሻም እሑድንና በዓልን ስለማያውቅ በሳምንት ሰባቱንም ቀን ሰው ማቆም ግድ ነው።

ወደ ባለቤቱ ቤት የሚመላለሰው ጠባቂ ደግሞ የተለየ ሒሳብ አለው። ድመቷን ለመመገብና ለማጽዳት ግማሽ ሰዓት፣ ለመንገድም ግማሽ ሰዓት ቢያጠፋና በቀን ሁለት ጊዜ ቢመላለስ፣ በዚያው የሰዓት ዋጋ ጉልበቱ 24.42 ፓውንድ ይሆናል። ደንበኞቹ በአንድ ሰፈር ተቀራርበው የሚኖሩ ቢሆኑና የመንገዱ ጊዜ ወደ አሥር ደቂቃ ዝቅ ቢል ግን 16.28 ፓውንድ ይበቃዋል። እንግዲህ የዚህ ሥራ ትርፍ የሚገኘው ከደንበኞቹ መቀራረብ ነው ማለት ነው። በቤቱ ያሉት ድመቶች ሁለት ቢሆኑም መንገዱ አንድ ስለሆነ ዋጋው እጥፍ አይሆንም። ብዙዎች ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በቤት ውስጥ የቆዩበትን ጊዜ ብቻ ያስከፍሉና በመንገድ የፈሰሰው ጉልበት የውሻ ደም ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛው ነገር ባዶ የሚያድረው ክፍል ነው። ጨርቅ ወይም ሚስማር የሚሸጥ ባለሱቅ ዛሬ ያልተሸጠለትን ዕቃ ለሚመጣው ወር ያቆየዋል። የማሳደሪያ ቤት ሌሊት ግን እንደዚያ አይደለም፤ ዛሬ ባዶውን ያደረ ክፍል ነገ ተመልሶ አይሸጥም። በዚህ ረገድ አበባ ወደ ውጭ አገር ከሚልክ ነጋዴ ጋር ይመሳሰላል። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በኦገስት ወርና በገና ሰሞን ክፍሎቹ ይሞላሉ፤ በሌላው ጊዜ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን ዓመቱን ሙሉ ይከፈላል። በበዓል ሰሞን የሚጨመረው ዋጋና አስቀድሞ የሚጠየቀው ቀብድ ስስት ሊመስሉ ይችላሉ፤ በእርግጥ ግን የቀዝቃዛውን ወራት ወጪ መሸፈኛ ናቸው።

በመጨረሻም የመንግሥት ድርሻ አለ። ይህ አገልግሎት በብሪታንያ 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የዓመት ሽያጩ ከ90,000 ፓውንድ ያላለፈ ነጋዴ ለዚሁ ታክስ እንዲመዘገብ አይገደድም። ስለዚህ ሁለት ጠባቂዎች ለአንድ ሌሊት እኩል 40 ፓውንድ ቢያስከፍሉ፣ ያልተመዘገበው ትንሽ ነጋዴ 40ውንም ሲይዝ፣ የተመዘገበው ትልቅ ማሳደሪያ ቤት 6.67 ፓውንድ ለመንግሥት አስገብቶ 33.33 ይቀረዋል። ትልቁ ቤት ጉልበትን ለብዙ እንስሳት በማካፈል ያገኘው ብልጫ በከፊል በዚህ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ በዋጋ ዝርዝር ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን ርካሹን ከውዱ አይለይም። ደንበኛ የሆነ ሰው ፈቃዱን፣ የኮከቡን ደረጃ፣ አንድ ሠራተኛ የሚጠብቃቸውን እንስሳት ቁጥርና ለሐኪም የሚወጣውን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብሎ ሲያገኘው፣ ከጉልበቱ፣ ከቦታው ወይም ከኢንሹራንሱ አንዱ ተቀንሶ እንደሆነ ይመርምር። እንዲህ ያለውን ወይም ይህን የመሰለ አገልግሎት ለመክፈት የሚያስብ ነጋዴም ዋጋውን ከጎረቤቱ ዝርዝር ላይ ከመገልበጥ ይልቅ፣ ክፍሎቹ በግማሽ ብቻ በተያዙበት ወር ወጪውን የሚችል መሆኑን አስቀድሞ ያስላ። በሞላ ቤት የተሰላ ዋጋ የሚያተርፈው በበዓል ሰሞን ብቻ ነው፤ ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ ግን ባለቤቱን ወይ ሠራተኛ ወደ መቀነስ ወይም በሩን ወደ መዝጋት ያደርሰዋል።